«መሐንዲስ እናድርግህ ብለን ሻይ አመላላሽ አደረግነው!»

(በአንድ የምሕንድስና ምሩቃን ስብሰባ ላይ ስለ ተማሪዎች የክረምት የተግባር ልምምድ እንዲናገሩ የተጋበዙ የፋብሪካ ቴክኒክ ኃላፊ ያደረጉት ንግግር)



በመርሐ ግብሩ ላይ የኔ ንግግር ርእስ «የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር፤ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» ተብሎ ተጽፏል። ይኼን ርእስ ያወጣው ሰው እዚህ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ እኔ በዚህ ርእስ አልናገርም። ስለ «ትስስር» በየሆቴሉ አዳራሽ ስንት ጊዜ ተሰብስበናል? ቦርሳና እስክሪብቶ ታድሎናል፣ ሻይ በኬክ ጠጥተናል፣ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ቆመን አጨብጭበናል። ሰነዱ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ መሳቢያ ይገባል። ከመሳቢያው የሚወጣው ለሚቀጥለው ሰነድ ቦታ ለመልቀቅ ነው።

እኔ የምናገረው በእጄ ስለሠራሁት ነው፤ ስላበላሸሁትም ጭምር። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ከተዘጉበት ከ2012 ክረምት በቀር፣ በየዓመቱ የምሕንድስና ተማሪዎችን በምሠራበት ፋብሪካ እቀበላለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ብጠራው ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝን ደብዳቤ ከነቁጥሩ አውቀዋለሁ! ቆርቆሮ፣ የብረት ቱቦ፣ በርና መስኮት እናመርታለን፤ ይኼ ይበቃል።

የመጀመሪያው ክረምት እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ማስታወሻ መጣልኝ፤ «ተማሪዎች ስለሚመጡ ተቀብላችሁ አስተናግዱ» ትላለች። አስተናግዱ! ሠርግ መሰለኝ። በማግስቱ አሥራ አንድ ልጆች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በፕላስቲክ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ስልክ የተደወለላቸው ናቸው። አንዱ የባለሥልጣን የእኅት ልጅ፣ አንዱ የደንበኛ ልጅ፣ አንዷ የጎረቤት። ስልክ ያልተደወለላቸው አራቱ ግን በየፋብሪካው በር እየዞሩ፣ ከጥበቃ ጋር እየተከራከሩ፣ የዘበኛ ፊት አይተው የገቡ ናቸው። ይኼን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ሁሉም ለኔ አንድ ነበሩ፤ ሁሉም ሥራ አስፈቺ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ፋብሪካውን አዞርኳቸው። «ይኼ ፕሬስ ነው፣ ይኼ ቶርኖ ነው፣ ይኼ ብየዳ ነው፣ እንዳትነኩ» አልኳቸው። ከዚያ ረሳኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረሳኋቸው! ሁለት ወር ሙሉ ካፌ ውስጥ ተቀምጠው ዝናብ ያዩ ነበር። አንዱን ፋይናንስ ክፍል ወስዶ ኮምፒዩተር አስጻፈው፣ ሌላውን ዕቃ ግምጃ ቤት ቡሎን አስቆጠረው። አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ለቢሮዎች ሻይ ያመላልስ ጀመር፤ እኔም ጠጥቻለሁ፣ ስኳር አሳንስ ብዬውማለሁ።

መስከረም ሲጠባ ሪፖርታቸውን ይዘው መጡ። ያማረ ጥራዝ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱን ገልጬ ሳይ፣ የሲሚንቶ መጋገሪያ ምድጃ ሥዕልና ማብራሪያ አገኘሁ። እኛ ሲሚንቶ አንሠራም! ልጁ ካምና ከሌላ ፋብሪካ ወጥቶ ከነበረ ተማሪ ገልብጦ፣ የፋብሪካውን ስም ብቻ በኛ ስም ቀይሮታል። ተናደድኩ? አልተናደድኩም። ፈረምኩ። ለሁሉም ከመቶ 95 ሰጥቼ ማኅተም አስመታሁላቸው። ካልሰጠሁ ደግሞ ስልኩ ይደወላል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ተመልሳ መጣች። ስልክ ካልተደወለላቸው ከአራቱ አንዷ ናት። ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ 95 የሰጡኝ ስለ ምኑ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ጎበዝ ስለሆንሽ ነው» አልኳት። «እኔ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልሠራሁም። ስሜንስ ያውቁታል?» አለች። አላውቀውም ነበር። ወረቀቱ ላይ አይቼ ላነብ ስል ሳቅ አለችና አመስግናኝ ወጣች። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለች፣ የዛሬው ንግግሬ ለሷ መልስ ይሁንልኝ፤ ዘግይቷል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ሥራ ላይ መጣል ትናንት የተፈጠረ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሄርማን ሽናይደር የሚባል የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1906 እ.ኤ.አ. ነው ተማሪዎቹን ሳምንት ፋብሪካ፣ ሳምንት ክፍል እያፈራረቀ ማስተማር የጀመረው። በኛም አገር በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ፣ ተማሪው አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣ ነበር፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወሰነ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ከጥቂት ተነሥተው ዛሬ ከአርባ በላይ ሆነዋል። ሥርዓተ ትምህርቱ የምሕንድስና ተማሪ አራተኛ ዓመት ላይ ወደ ሥራ ቦታ ይውጣ ይላል። ይውጣ! ወዴት? ፋብሪካው እንደ ዩኒቨርሲቲው በአዋጅ አይበዛም። ሰባ ሠላሳ ሲባል ያጨበጨብን ሁሉ፣ ይኼ ሁሉ ልጅ ስንት ቶርኖ ላይ ይቆማል ብለን አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅሁም። የመንግሥት ስህተት ብቻ አድርጌ ለመናገር አፌ አይደፍርም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ2008 ክረምት ስድስት ብቻ እቀበላለሁ ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ጻፍኩ። «ለምን ስድስት?» ብሎ ጠራኝ። «የሚያስተምር ሰው ያለኝ ስድስት ቦታ ብቻ ስለሆነ ነው» አልኩት። «የሚደወልልንስ?» አለ። «የሚደወልላቸውም ይፈተናሉ።» በዚህ ነገር ሦስት ሳምንት ተኳረፍን። በመጨረሻ የተስማማው፣ ስልክ ሲደወልለት «ፈተና አለ፣ ኃላፊው አስቸጋሪ ሰው ነው» ብሎ በኔ ማሳበብ እንደሚችል ስለገባው ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ሰው ነኝ።

ፈተናው ወረቀት አይደለም። ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት የተበላሸች ኩሽኔታ አለች። ከሞተር ላይ ወጥታ፣ ተፈታ፣ ቀለበቷ በግልጽ የሚታይ። «ይቺን ምን ገደላት?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ቀለበቷ ውስጥ፣ ኳሶቹ በሚቀመጡበት ርቀት ልክ፣ እኩል እኩል የተሰረጎዱ ምልክቶች አሉ። አንዱ ልጅ፣ ነጥቡ 3.8 ነው፣ ስለ ንክኪ ግፊት ቀመር ጻፈልኝ፤ ቀመሩ ትክክል ነው። ቀጥሎ የገባው ልጅ ቀለበቷን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና «ሲገጥሟት በመዶሻ መትተዋታል» አለ። «በምን አወቅህ?» ስለው፣ ወንድሙ ጋራዥ አለው፤ እሱም ልጅ ሆኖ መትቶ አበላሽቶ ተደብድቦበታል። ሁለቱንም ወሰድኳቸው። ሲያውም አንድ ማሽን ላይ አንድ ላይ መደብኳቸው። መጀመሪያ ተናናቁ፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሳህን ላይ ይበሉ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ቱታ፣ መጥረጊያና ጨርቅ ነው። ማሽን ያጸዳሉ። አንዳንዱ ወላጅ «ልጄን ጽዳት አደረጋችሁት ወይ?» ብሎ ደውሎልኛል። ማሽንን በጨርቅ ያልጠረገ ሰው የት እንደሚያንጠባጥብ፣ የት እንደላላ፣ የት እንደሚግል በምን ያውቃል? ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አንድ ችግር ይሰጠዋል። አንድ ብቻ። ችግሩ የኔ ሳይሆን የሆነ የፋብሪካ ሰው ችግር መሆን አለበት፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሣው ሰው ያለው ችግር። ዓርብ ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ተማሪው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ ኦፕሬተሮቹ ባሉበት፣ ያየውን ይናገራል። በአማርኛ ነው። ፓወር ፖይንት የለም። በእንግሊዝኛ ሲናገር የማይያዝ ልጅ፣ በአማርኛ አንድ ኦፕሬተር «እሱ እኮ አይደለም ችግሩ» ሲለው ላብ በላብ ይሆናል። መማር ማለት እዚያች ላብ ላይ ነው የጀመረው።

አሁን ስለ ፎርማናችን ልንገራችሁ። ጋሼ ነው የምንለው፤ እኔም ጋሼ ነው የምለው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቶርኖና ፍሬዛ ላይ የቆመ፣ ጆሮውን ብረት ላይ አስጠግቶ ኩሽኔታ ሲያልቅ የሚሰማ ሰው ነው። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል። ተማሪ ስመድብለት እሺ ይላል፤ ተማሪው ሲቀርበው ግን ማሽኑን ያጠፋና ሲጋራ ሊያጨስ ይወጣል። አንድ ቀን ተከትዬው ወጣሁና «ጋሼ፣ ምን አስቀየምንህ?» አልኩት።

«አንተ አላስቀየምከኝም» አለኝ። «እኔ በዚህ ቤት ሦስት ኢንጂነር አስተምሬያለሁ። የማያውቁትን ዳዶ ከነቁጥሩ አሳይቻቸዋለሁ። ሦስቱም አለቃዬ ሆነው አለፉ። አንዱ ደመወዜን ለመቀነስ የፈረመ ነው። አሁን ደግሞ አራተኛውን አምጥተህ አስተምር ትለኛለህ? የኔ ጌታ፣ እኔ እኮ የማስተምረው ሰው ያገኝበታል፤ እኔ ምን አገኛለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ትስስር የምንጽፍ ሰዎች ይኼን ሰውዬ አንድ ቀን አስታውሰነው አናውቅም። መምህሩ እሱ ነው፤ በሰነዱ ላይ ግን ስሙ የለም፣ አበል የለውም፣ ፊርማም አይጠየቅም። ከፋይናንስ ጋር ተጣልቼ፣ ተማሪ ለያዘ ባለሙያ ለሁለቱ ወር ትንሽ የኃላፊነት አበል አስፈቀድኩ። ትንሽ ናት፤ ከአበሉ ይልቅ የሠራው ሌላው ነው። የተማሪው ውጤት ከመቶ ሃምሳው በጋሼ እጅ እንዲሆን አደረግሁ። ፊርማው ከኔ ፊርማ ጎን እንዲሰፍር።

የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ከሃምሳ ሃያ ነበር! ልጁ አለቀሰ። ጋሼን ጠራሁት፤ «ለምን?» አልኩት። «ጓንት አድርጎ ቶርኖ ላይ ቆመ። ሁለት ጊዜ ነገርኩት፤ ሦስተኛ ጊዜ አደረገ» አለኝ። የማያውቅ ካለ፣ በሚሽከረከር ብረት አጠገብ ጓንት ማድረግ እጅን መስጠት ነው፤ ብረቱ ጨርቁን ይይዛል፣ ጨርቁ ጣትን ይከተላል። ልጁ ግን «የደኅንነት መመሪያ ጓንት አድርጉ ይላል» ብሎ መጽሐፍ ጠቅሶ ይከራከራል። ያ ልጅ ዛሬ የሌላ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ነው፤ በየበዓሉ ለጋሼ ይደውላል፣ ለኔ አይደውልም።

ከተሰጡት ችግሮች ሁለቱን ላንሣ። የፋብሪካ ሰዎች ስለሆናችሁ ደስ ይላችኋል።

አየር አልደርስ ብሎን፣ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይዘን ነበር። ወረፋው ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግርም። አንድ ተማሪ «አየሩ የት እንደሚሄድ ላጥና» አለ። እሑድ ቀን መጣ። ማሽን ሁሉ ቆሟል፣ አየር የሚጠቀም ማንም የለም። ኮምፕሬሰሩን አስነሣና ሰዓቱን ይዞ ቁጭ አለ። ታንከሩ አንዴ ከሞላ በኋላ ዝም ማለት ነበረበት፤ ዝም አላለም። ሦስት ደቂቃ ይጭናል፣ አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ እንደገና ሦስት ይጭናል፣ አምስት ያርፋል። ከስምንት ደቂቃ ሦስቱ! ማለትም ከኮምፕሬሰሩ አቅም 37 በመቶ የሚሆነው ለማንም ሳይሆን ለሰማይ ነው የሚሠራው። ከዚያ ልጁ ሳሙና በውኃ በጥብጦ፣ በቀለም ብሩሽ እየቀባ ቧንቧውን ተከተለው። አረፋ በሰጠበት ሁሉ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ፋብሪካው የጥምቀት ጃንሜዳ መስሏል! በ7 ባር ግፊት የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አንዷ ብቻ ወደ 4 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል ታባክናለች። ጎማ፣ ማሰሪያና መገጣጠሚያ ቀየርን፤ ወጪው ከአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ አልዘለለም። ኮምፕሬሰሩን መግዛት ተወን። ልጁን ግን በመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ እጁን ጨብጦ «በርታ» ብቻ አለው። እኔ በኪሴ ካለው ምሳ ጋበዝኩት።

ሁለተኛው የፕሬሱ ነው። ዳይ ለመቀየር ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም ነበር። ሁላችንም ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ነው እንላለን። አንዲት ተማሪ ወንበር ይዛ ከጎኑ ተቀመጠችና እያንዳንዷን ነገር በደቂቃ ጻፈች። ዓርብ ዕለት አነበበችልን። ቡሎን መፍታትና ማጥበቅ ሃያ አምስት ደቂቃ፤ ፎርክሊፍት መጠበቅ ሠላሳ ደቂቃ፤ «24 ቁጥር መፍቻ የት አለ?» እያሉ መዞር አርባ ደቂቃ! ኦፕሬተሮቹ ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። መፍቻው አንድ ብቻ ነው፤ ሰው እንዳይወስደው አንዱ ፎርማን ቤት ድረስ ይዞት ይሄድ ነበር። ግድግዳችን ላይ የካይዘን ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ኢንስቲትዩቱ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ያልለጠፈ ፋብሪካ የለም። መፍቻ ግን አልነበረንም። ገዛን።

(ስለ ሴት ተማሪዎች ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወርክሾፑ አካባቢ የሴት መጸዳጃ አልነበረም፤ እስከ ቢሮው ሕንፃ መሄድ ነው። ልጆቹ ውኃ ሳይጠጡ ይውሉ እንደነበር ያወቅሁት በሦስተኛው ክረምት ነው። ወንድ ስለሆንኩ አልታየኝም። አሠራን። እናንተም ሄዳችሁ እዩ።)

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። 2010 ዓ.ም.፣ ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። መብራት ሄደ። ላሜራውን በሮለር እየጎተተ ሞገድ የሚያወጣለት የቆርቆሮ ማሽን መሐል ላይ ላሜራ ነክሶ ቆመ። ኦፕሬተሩ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ከስድስቱ ተማሪዎች አንዱ፣ ሊረዳ ብሎ፣ ማንም ሳያዘው፣ የታጠፈውን ላሜራ ለማውጣት እጁን ከተተ። መብራት መጣ። ማሽኑ በራሱ ተነሣ።

በራሱ መነሣት አልነበረበትም። ማሽን ከፋብሪካው ሲመጣ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ቁልፉን ካልተጫነ በቀር እንዳይነሣ ተደርጎ ነው። ኮንታክተሩ ይለቅና እንደተለቀቀ ይቀራል። የኛ ግን ከዓመታት በፊት ኮንታክተሩ ተቃጥሎ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ኤሌትሪሺያኖቻችን «ዳይሬክት» አድርገውት ነበር። ዳይሬክት! ይቺን ቃል የማያውቅ የጥገና ሰው የለም። እኔም አውቅ ነበር። የሥራ ትእዛዙ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ «ለጊዜው» ብዬ።

ልጁ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ አጣ። ከዚያ በላይ ያልሄደው ጋሼ ከሩቅ አይቶ ሮጦ ማቆሚያውን ስለመታው ነው።

ሆስፒታል ወሰድነው። ማታውኑ ጥያቄ ተነሣ፤ ማን ይከፍላል? የኛ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው በደመወዝ ዝርዝር ላይ ስማቸው ያሉትን ነው፤ እሱ ስሙ የለም። ድርጅቱ «ሠራተኛችን አይደለም» አለ። ትምህርት ቤቱ «በናንተ ግቢ ውስጥ ነው የደረሰው» አለ። ሁለቱም ደብዳቤ ጻፉ፤ የሁለቱም ደብዳቤ ማኅተም አለው። ሠራተኛው ከደመወዙ አዋጥቶ ነው የመጀመሪያው የሕክምና ወጪ የተከፈለው። ጋሼ የዚያን ክረምት አበሉን በሙሉ ሰጠ።

በሦስተኛው ቀን አባትየው ከገጠር መጡ። ጋቢ የለበሱ፣ ጸጥ ያሉ ሰው። ቢሮዬ አስቀመጥኳቸው። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ጠብቄያለሁ፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ እዚህ ቅጥረኛ ነበር?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ አልነበረም» አልኩ። «ተማሪ ነበር?» «አዎ።» «መምህሩ አብሮት ነበር?» «አይ፣ አልነበረም።» ትንሽ አሰቡና «ታዲያ የማን ነበር?» አሉ።

ይኸው ነው። ያን ጊዜ መመለስ አቃተኝ። ዛሬም ቢሆን የምመልሰው ለስድስት ልጅ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ተማሪ ስሙ በኢንሹራንስ ዝርዝር ላይ ሳይገባ በራችንን አያልፍም፤ አንድ ቀንም ቢሆን። የመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ይሰጠዋል፤ መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፣ እሱ ኪስ ውስጥ። ማሽን ላይ እጁን ከመክተቱ በፊት ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ስሙን የያዘች ካርድ ያንጠለጥላል። ሥራውን ጨርሶ እሱ ራሱ ካልከፈተው በቀር ሥራ አስኪያጁም ቢመጣ ማሽኑ አይነሣም። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ቆልፎ ምሳ ሄዶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ምርት ቆመ። ጩኸቱን አትጠይቁኝ። ልጁን ግን አልቀጣሁትም።

ልጁስ? እጁ የተጎዳው ማለቴ ነው። አይመለስም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለመመረቂያ ጥናቱ ደብዳቤ ይዞ መጣ። «ምን ልታጠና ነው?» ስለው፣ «ዳይሬክት የተደረጉትን» አለኝ። በፋብሪካው ያሉትን ማሽኖች አንድ በአንድ፣ የኤሌትሪክ ሳጥናቸውን እየከፈተ ፈተሻቸው። ዘጠኝ አገኘ። ዘጠኝ! አራቱ ላይ የኔ ፊርማ አለ። ዓርብ ዕለት፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ ኦፕሬተሮቹ ባሉበት፣ ዝርዝሩን አነበበ፤ ማን እንደፈረመ ግን አላነበበም። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ኮንታክተሮቹ ሁሉ እስኪቀየሩ አሥራ አራት ወር ፈጀብን፤ ዕቃው እየጠፋ፣ ምንዛሪው እየጠፋ። ግን ተቀየሩ።

እንግዲህ እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ የፋብሪካ ባለቤቶች ናችሁ፤ ሻይ ሰዓት ላይ «ተማሪ መቀበል ምን ይጠቅመኛል?» ያለኝ ሰው አለ። በብር ላስላልህ ብል እችላለሁ፤ የኮምፕሬሰሩን ነገር ሰምተሃል። ነገር ግን ሁሉም ክረምት ኮምፕሬሰር አያገኝም። ምንም ሳይገኝ ያለፈ ክረምት አለኝ፤ ልጆቹም ሰነፎች፣ እኛም ሥራ የበዛብን። አትራፊ ነው ብዬ አልምልልህም። ዋጋውን ግን ልንገርህ፤ ለስድስት ልጅ ምሳና ትራንስፖርት፣ ኢንሹራንስ፣ ቱታና ጫማ፣ የባለሙያዎቹ አበል፣ የኔም ከቀኑ ሁለት ሰዓት። የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ሁለት ሰዓት የማትሰጥ ከሆነ አትቀበል። ደብዳቤውን መልስለት፤ ሻይ ከማመላለስ ቤቱ ቢከርም ይሻለዋል።

መምህራንም አላችሁ። እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ኑ። መኪና የለም፣ አበል የለም እንደምትሉ አውቃለሁ፣ እውነትም የለም። ከመጡት ውስጥ የደረሰኝን ሪፖርት አንብቦ «ይኼ ሥዕል ከየት መጣ?» ያለኝ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ መምህር ብቻ ነው። ልጁን ጣለው። አመሰግነዋለሁ።

የመድረኩ መሪ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው፤ ልጨርስ። የዚህ ክረምት ስድስቱ ልጆች ኩሽኔታዋን አይተው አልፈዋል፤ ዘንድሮ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ቱታቸው ተሰፍቷል፣ ቁልፋቸው ተገዝቷል፣ ጋሼም ጡረታ ከወጣ በኋላ ለሁለቱ ወር በኮንትራት ሊመጣ ተስማምቷል። የቀረው የኢንሹራንሱ ወረቀት ነው። ፋይናንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ሲሆን፣ ትናንት ከቢሮ እስክወጣ ድረስ አልተፈረመም። ልጆቹ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ይቆማሉ፤ ለጥበቃዎቹ ወረቀቱ ካልመጣ እንዳያስገቧቸው ነግሬያቸዋለሁ። እኔም ከነሱ ጋር ውጭ ነው የምቆመው።